የኔቪል ጭንቅላት

ባሌ ኔቪል ክራዶክ የስንዴ አገር ሰው ነው። በእጅም በእግርም የሚጫወቷትን ሞላላ ኳስ ከሰው ራስ በላይ ዘሎ ሲቀልባት ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ነገር ይመስል ነበር። ገና በጎረምሳነቱ የከተማው ትልቅ ክለብ ወሰደው። ጉልበቱ ሲከዳው ወደ እርሻችን ተመለሰና ለመንደራችን ለዋርኒንጋ ጸጉሩ እስኪሸብት ተሰለፈ። ሰው ዛሬም ሲያየው "እንዴት ነህ፣ ብረቱ!" ይለዋል። ብረቱ! ስንቴ ራሱን ስቶ በቃሬዛ እንደወጣ እኔን ጠይቁኝ።

ያን ጊዜ ራሱን የተመታ ሰው ሲነቃ፣ የክለቡ አካሚ "ዛሬ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው? ስንት ለስንት ነን?" ይለዋል። ከመለሰ ጨዋታውን ይቀጥላል። ጓደኛው ኪት ከአካሚው ጀርባ ቆሞ መልሱን በከንፈሩ ይነግረው ነበር። በዚህ ዘዴ ስንቱን ጨዋታ ጨረሰ! መጠጥ ቤት ተቀምጠው ይህንኑ እያወሩ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ግን ፍርሃቴን ይዤ ተነስቼ እወጣ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዘንድሮ ኔቪል በጎቹን በገዛ እጁ ገና የበቀለ ስንዴያችን ላይ ለቀቃቸው። "ምን ነካህ?" ስለው "አትነዝንዢኝ፣ ኮራል" አለኝ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ለመንኩት።

"በግና ሐኪም ምን አገናኛቸው?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ የሴቶቹ ቡድን ለፍጻሜው ለማለፍ ይጫወት ነበር። ልጃችን ታሊያ እንደ አባቷ ከኋላ ትከላከላለች፤ ግትርነቷም የሱ ነው። መኪናችንን የሜዳው አጥር ጋ አስጠግተን ከውስጥ እናያለን፤ ጎል ሲገባ ሁሉም ክላክሱን ይነፋል። ታሊያ ኳሱን ብላ ስትዘል የአንዷ ጉልበት ጆሮ ግንዷን አገኘው። ወደቀች። አልተንቀሳቀሰችም። ወይኔ ልጄን! የመኪናውን በር መክፈት አቃተኝ።

ስንደርስ ቁጭ ብላለች። የዛሬው አካሚ ያው ኪት ነው። አሁን ሕጉ ጠብቋል፤ ትንሽ ከተጠራጠርክ ማስወጣት ነው። ግን ፍጻሜ ደጃፍ ላይ ሆኖ ሕግ ማን ይሰማል?

"ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?" አላት። መለሰች። ውጤቱንም መለሰች።

"አየሽ ኮራል፣ ደህና ናት! የብረቱ ልጅ አይደለች እንዴ!" አለኝ ኪት።

"አባዬ፣ ምንም አልሆንኩም። በናትህ እንዳታዋርደኝ" አለች ታሊያ።

ኔቪል ግን ከኪት ጀርባ የቆሙትን የጓደኞቿን ከንፈር ነበር የሚያየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ተንበርክኮ አገጯን ያዘና ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረው።

"የውሻችን ስም ማነው?"

ግንባሯን ቋጠረች። ስሙን ያወጣችለት እሷው ራሷ ናት።

"ታሊያ፣ የውሻሽ ስም።"

"እ... ቆይ... አባዬ፣ አትቀልድ።"

"በቃ፣ ወጥታለች" አለ።

"አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ?" ኪት ጮኸ። "ጥቂት ደቂቃ እኮ ነው የቀረን! አንተ ራስህ ስንቴ ተመልሰሃል!"

"ስንቴ እንደተመለስኩ አላስታውስም፣ ኪት። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።"

ሐኪም ቤቱ ከኛ ቀጥሎ ያለው ከተማ ነው። እሱ ነዳ፤ እኔ ከኋላ የታሊያን ራስ ጭኔ ላይ አስተኛሁ። መንገዱን ሙሉ ስድብ ስታወርድበት ሄደች። "አጠፋኸኝ! አንተ ስትጫወት ማን ከለከለህ? ዕድሜ ልኬን አልምርህም!" እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ነዳ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርስ መኪናውን አቆመ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። መንገዱ ባዶ ነው፤ እሱ ግን አይነዳም።

"ኔቪል፣ ምን ሆነሃል?"

መሪውን ለቆ ወደ እኔ ዞረ። ተወልዶ ያደገበት አገር ነው።

"ኮራል" አለኝ ዝግ ብሎ፣ "በየት በኩል ነው?"

ታሊያ ስድቧን ዋጠች። ቀና ብላ ትከሻውን ከኋላ ያዘችው።

"በግራ ነው፣ አባዬ። ና ውረድና እኔ ጋ ተቀመጥ፣ እማዬ ትንዳ። ሐኪሞቹ ሁለታችንንም ያዩናል።"