የተባረሩት ወፎች የት ገቡ?

ሮቤ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ሠርቶበት፣ መልሶ በሥርዓት የዘጋ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከአንተ በፊት እኔ ነበርኩ የሚለኝ ካለ ቤቴን ማንም ያሳየዋል፤ ይምጣና እንነጋገር። ትምህርቴ ያበቃው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔው ነኝ። እንግሊዝኛን ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚወጡ ወረቀቶች ለቃቅሜ ተማርኩ። ሬዲዮ ጠግኛለሁ፣ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ ገጥሜአለሁ፣ እርሻ መሃል ተበላሽቶ የቆመ ኮምባይነር መካኒክ ሳይመጣ አስነስቼ ባለቤቱን በደስታ አስለቅሻለሁ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም ብል ውሸት ይሆናል። ሰው በሠራው ካልተመካ በምን ይመካል?

ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብድግ ያሰኘችኝ የእህቴ ልጅ ሀያት ናት። ሀያት የኮምፒውተር ጨዋታ ትሠራለች። ያሁኑን ዓይነት፣ እውነተኛ ሰው የሚመስል ነገር የሚሮጥበትን አይደለም። ሆን ብላ የድሮ አስመስላዋለች፤ ምስሉ በትልልቅ ካሬዎች የተሠራ ነው፤ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከታች ሆና ከላይ በሚወርድባት ጠላት ላይ ትተኩሳለች። ብቻዋን ሠርታ ለሙከራ ኢንተርኔት ላይ ለቃዋለች። የተጫወቱት ሰዎች አስተያየት ይጽፉላታል። እሷም ስልኳን ይዛ ግቢዬን ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ በር ትመላለስበታለች።

«ኤሱማ፣ ይስሙኝ እስቲ» አለችኝ። የእናት ወንድም በእኛ አገር እንዲያ ነው የሚጠራው። «‹ጥይቱ ከሰማዩ ቀለም ጋር ይመሳሰላል፣ ሳላየው ነው የምሞተው› ይላል። ‹ሦስተኛው ደረጃ ላይ አሥር ጊዜ ሞቼ ተውኩት› ይላል። መጫወት የማይችለው ራሱ፣ የሚሰደበው የእኔ ሥራ!»

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም።»

«ሰውዬው አሥር ጊዜ ሞቶልሻል እኮ። አንዴ ሞተው ዝም ያሉትን ነው መፍራት» አልኳት።

ይህን ካልኩ በኋላ እኔም መቀመጥ አቃተኝ። እግሬ የድሮውን መንገድ አስታወሰ።

ያኔ ገና ሃያዎቹን አላጋመስኩም ነበር። ኦቦ ሁሴን የተባሉ የእህል ነጋዴ ከመጋዘናቸው ጎን አንድ ክፍል ከፍተው ነበር፤ ሁለት የጽሕፈት መኪናና ወንድማቸው ከአዲስ አበባ የላኩት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረበት። እኔ ማመልከቻ እተይባለሁ። ኮምፒውተሩ ግን የተላከው ሰው እንዲማርበት ነው፤ የሚማር ሰው አልመጣም። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። ጨርቁን የገለጥኩት እኔ ነኝ። አብሮት የመጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ እሱን ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው፣ ከዚያም ከመጨረሻው እስከ መጀመሪያው አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ነው የገባኝ።

አንድ ቀን ኦቦ ሁሴን በሩ ላይ ቆመው ባዶዎቹን አግዳሚዎች አዩና «ከድር፣ ወንድሜ ለዓረፋ በመኪና ይመጣል። እስከዚያ ተማሪ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ ይህን ሣጥን ጭኖት ይሄዳል» አሉኝ።

ሣጥን! ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፌም ምግቤም ተዛባ። ያ ማሽን ከሮቤ ከወጣ እኔ ተመልሼ ማመልከቻ ተያቢ ብቻ ነኝ። ሰው ወደ ክፍሉ እንዲገባ ምን ላድርግ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ፣ ጨዋታ ልሥራ አልኩ። ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚመታበት ጨዋታ። ማሽኑ ሥዕል ስለማያውቅ በእንግሊዝኛ ፊደል ሣልኩት፤ ትልቁ ኤ ማማ ሆነ፣ ቪ ወፍ ሆነ፣ አይ ተደርድሮ ማሽላ ሆነ፣ ነጥቧ ድንጋይ ሆነች። ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ስክሪኑ ሌላ ቀለም አልነበረውም። መብራት ጠፍቶ የጠዋት ሥራዬን ሦስት ጊዜ በልቶብኛል፤ ሦስት ጊዜ ከራሴ አውጥቼ መልሼ ጽፌዋለሁ።

በገበያ ቀን በሩን ከፈትኩት። ሰው ገባ፣ ተጫወተ፣ ሳቀ። «ማሻ አላህ፣ ጎበዝ ነህ» አለኝና ወጣ። ተመልሶ የመጣ ግን አልነበረም። «ምን ጎደለው?» ስል «ኧረ ምንም!» ይሉኛል። የእኛ ሰው ፊት ለፊት አያስቀይምም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ፣ እስክሪብቶ በክር አሰርኩበት፣ አስተያየታችሁን ጻፉ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አንዱ «ወፉ ይፍጠን» ብሎ ጻፈ፤ አፈጠንኩት። ሌላው «ወፉ ፈጠነ» ብሎ ጻፈ፤ አዘገየሁት። ድንጋዩ አይታይም ተባልኩ፤ ትልቅ አደረግኩት። የእጅ ጽሑፉን የማውቀው አንድ ሰው «ጨዋታው ደህና ነው፣ ከድር ጉራውን ይቀንስ» ብሎ ጽፏል። ያንን አላስተካከልኩም። ሁሉንም አድርጌ ሰዉ አሁንም አንዴ ተጫውቶ ይሄዳል። ዓረፋ እየቀረበ ነው።

አደ ሞሚና፣ ወይዘሮ ሞሚና እንደ ማለት ነው፣ የመጡት ያኔ ነው። ከሶፍ ዑመር ወገን ነበሩ፤ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ዝውውር ማመልከቻ ሊያስጽፉ ገበያ ውለው ገቡ። ማመልከቻውን ጨርሼ ወረቀቱን ስሰጣቸው ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማሽላ ጥበቃ ነው፣ አደ። ይህቺን ሲጫኑ ወንጭፉ ይወረውራል።»

ተጫኑ። ወፉ ሞተ። ደግመው ተጫኑ። ሌላ ወፍ ሞተ። ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ማማ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

ሮቤ የስንዴ አገር ነው። ማማ ያየሁት ወደ ጎሮ በሚሄድ አውቶቡስ መስኮት ነበር። «አይቻለሁ» አልኩ።

«አይተሃል! እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ማማ ላይ ቆሜ ገድዬ የማውቀው ወፍ አምስት አይሞላም። የወንጭፍ ሥራው ጩኸቱ ነው፤ ሲጮህ መንጋው ይነሣል። እሺ፣ ያልሞተው ወፍ የት ሄደ?»

«ከስክሪኑ ወጣ።»

«ወጥቶስ የት ገባ?»

«የትም አልገባም፣ አደ። ወጣ፣ በቃ።»

ኦቦ ሁሴን ከመጋዘኑ በር ሆነው መሳቅ ጀመሩ።

«እኔ ያባረርኩት ወፍ የጎረቤቴ የፋጡማ ማሽላ ላይ ነው የሚወርደው» አሉ አደ ሞሚና። «ስለዚህ ‹ያ ፋጡማ! መጡልሽ!› ብዬ እጮሃለሁ። እሷ ተቀብላ ለሚቀጥለው ትሰጣለች፤ እንዲህ እየተቀባበልን ወይብ ወንዝ ገደል ውስጥ እንከታቸዋለን። ሳልናገር ብለቅባት ማሽላዋ ያልቃል፤ ነገ እሷም ትለቅብኛለች። ያንተ ሰውዬ ጎረቤት የለውም?»

«አደ፣ ይኼ እኮ ኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተር ጎረቤት አይፈልግም?» ብለው ማመልከቻቸውን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ደሜ ፈላ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በእኔ ሥራ ላይ! ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ጨርቁን አለበስኩት፣ ገለጥኩት። በመጨረሻ ቤት መዋል ስላልቻልኩ ወደ ጎባ የሚወስደውን መንገድ ይዤ በእግሬ ወጣሁ። እናቴ የቋጠረችልኝን ጭኮ በኪሴ ይዣለሁ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ ቅዝቃዜው ድርቅ ያደረገው። እየቆረጠምኩ፣ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ፣ በብርዳሙ ነፋስ አንገቴን ቀብሬ እሄዳለሁ። ጋሪዎች ያልፉኛል። ጎባ መግቢያ ደርሼ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ስለማላውቅ ዞርኩ።

ስመለስ ከመንገዱ ዳር ኮምባይነር ስንዴ ያጭዳል። ከፊቱ ቆቆች ቱር ብለው እየተነሡ አጠገቡ ወዳለው ያልታጨደ ማሳ ይገባሉ። የዚያ ማሳ ባለቤት ድንበሩ ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ይጮሃል። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ያየሁት ነገር ነው። አይቼው አላውቅም ነበር። የቀረውን መንገድ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

በስምንት ቀን ጨዋታውን ከሥሩ አፍርሼ ሠራሁት። ስክሪኑን ለሁለት ከፈልኩት፤ ሁለት ማማ፣ ሁለት ማሽላ፣ በአንድ ኪቦርድ ላይ ሁለት ሰው። ወፍ አይሞትም። ከግራ ያባረሩት ቀኝ ይወርዳል። በጥቂት በጥቂቱ ካሳለፉት ጎረቤት ተቀብሎ ገደል ይከተዋል፤ ተጣድፈው ካባረሩት ግን መንጋው በሙሉ ጎረቤት ላይ ይዘረገፋል። የአንዱ ማሽላ ካለቀ ሁለቱም ይሸነፋሉ። መጀመሪያ ላይ «የከድር ሥራ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

በሚቀጥለው ገበያ ክፍሉ አልበቃም። ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይገባል፤ «ያ አህመድ፣ መጡልህ!» «ቀስ አትልም እንዴ አንተ!» ይባባላል። የተሸነፈው ተራ ጠብቆ ይመለሳል። ተራ የሚጠብቀውም ዝም ብሎ ከሚቆም መተየብ አሳየኝ ይለኛል። ደብተሩ ሞላ፤ «ግራ ያለው ሰው ይቀየርልኝ» የሚል አስተያየት በብዛት ነበር።

አደ ሞሚናም መጡ። የሚገጥማቸው ሰው ሲፈለግ ኦቦ ሁሴን ራሳቸው ካባቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። እህል ነጋዴው ሲወነጭፉ ማየት ነበር! የወንጭፉን ቁልፍ እንደ ከበሮ ደበደቡት። መንጋው ባንዴ ተነሥቶ አደ ሞሚና ላይ ወረደ።

«ኧረ ሁሴን! ቀስ! ተናገር እንጂ!»

ማሽላው አለቀ። ሁለቱም ተሸነፉ። አደ ሞሚና ተነሡና «ማማህን ከማማዬ ያራቀልኝ አላህ ይመስገን» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ሁሴን ጆሯቸው ቀላ፤ «በሚመጣው ገበያ እንደግመዋለን» አሉ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መጋዘን ሳይከፍቱ መጥተው ከእኔ ጋር ይለማመዱ ጀመር።

የዓረፋ ማግሥት ወንድማቸው መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ። «ዕቃው የታለ?» አሉ። ኦቦ ሁሴን ከስክሪኑ ቀና ሳይሉ «ዛሬ አይሄድም» አሉ።

«ታዲያ መቼ?»

«ሴትዮዋ ገና አልመጣችም። እሷን ‹ጥሩ ጎረቤት ነህ› ሳላሰኛት ይህ ማሽን ከዚህ አይነሣም።»

አልተነሣም።

ሀያት ይህን ስትሰማ ሳታውቀው በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኳን አውጥታ ያን አሥር ጊዜ የሞተውን ሰው መልእክት ደግማ አነበበች፤ ማታውኑ የጥይቱን ቀለም ቀየረች፣ ሦስተኛውን ደረጃም አላላች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ኤሱማ፣ ለአደ ሞሚና ምን አሏቸው?» ምንም አላልኳቸውም ነበር። ሰው ሁሉ «ሐሳቡ ከየት መጣልህ?» ሲለኝ ግንባሬን ነበር የማሳየው። እሳቸውም እዚያው ቆመው ሰምተዋል፤ ፈገግ አሉ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህን ሳስብ ነው ሰሞኑን ግቢዬን እንደ ሀያት የምዞረው።

እንግዲህ ያደረግኩት ይህ ነው። ያለ አስተማሪ ኮምፒውተር ተምሬአለሁ። በሮቤ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሠርቻለሁ። ማሽኑን አስቀርቻለሁ፤ በእሱም ብዙ ሰው አስተምሬአለሁ፣ ከነሱ ውስጥ የሀያት እናት አንዷ ናት። ኦቦ ሁሴንን ቀስ ብሎ ማባረር አስለምጃለሁ። ሀያትን አስቀምጫለሁ። ትናንት ደግሞ የጨዋታዋ መጨረሻ ላይ የምስጋና ስም ስትደረድር መጀመሪያ እኔን ልትጽፍ ነበር፤ እጇን ይዤ የአደ ሞሚናን ስም ከስሜ በላይ አጽፌአለሁ።