አንድ መስመር የወረደው ዝርዝር

ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ታይፕ የተማርኩት በድሮው የጽሕፈት መኪና ስለሆነ የእጄ አመል አልለቀቀኝም። ስም ዝርዝር ስሠራ መጀመሪያ ስሞቹን ሁሉ ከላይ እስከ ታች እመታለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን መልሼ የሚቀጥለውን ዓምድ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ኮምፒውተር ሲመጣም ገጹን ለሁለት እከፍልና እንደዚያው አደርጋለሁ። ሠንጠረዥ መሥራት የሰነፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ኮምፒውተሬን ቫይረስ በላውና የኮምፒውተር ባለሙያችን የለመድኩትን የሚከፈልበት የጽሑፍ ፕሮግራም አጥፍቶ ነፃውን ጫነልኝ። መጀመሪያ ተነጫነጭኩበት። ሁለቱን ሳወዳድር ግን ነፃውን የምከስበት ነገር አጣሁ። ቶሎ ይከፈታል፣ ፈቃድሽ አልቋል እያለ አይጨቀጭቅም፣ በዚያኛው የተጻፈውንም አንብቦ ያሳያል። ሳልውል ሳላድር ጠበቃው ሆኜ አረፍኩት።

ባለሙያው ግን “ፋይልሽ ሌላ ቦታም መከፈቱስ ይከፈታል፤ ያንቺ የፊደል ዓይነት ሌላው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ግን በሰፊ ፊደል ይተካዋል። አንድ መስመር የነበረው ሁለት ይሆንና ዓምዶችሽ ይፋለሳሉ። ወይ ሠንጠረዥ ሥሪ፣ ወይ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ” አለኝ።

“አንተ በአንቀልባ ሳለህ እኔ ደብዳቤ እመታ ነበር” ብዬ ቢሮውን ሁሉ አሳቅሁበት።

የዚያን ዓመት ወደ ቡሬ ለመዛወር የጠየቁትን መምህራን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከጠያቂዎቹ አንዷ አብሮ አደጌ ናት። ግሽ ዓባይ አጠገብ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ታስተምራለች። እናቷ ቡሬ ውስጥ አልጋ ይዘው ብቻቸውን ነበሩ፤ ውሃ የሚያቀምሳቸው ጎረቤት ነው። ቡሬ ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

“እቴ፣ እማዬን በእጄ ላስታምማት እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ” አለችኝ።

ስሟን በግራ፣ ምክንያቷን በቀኝ አድርጌ ጻፍኩ፦ “በቤተሰብ ችግር ወደ ቡሬ ለመዛወር፤ አልጋ የያዙ እናት አስታማሚ ስለሌላቸው።” በአንድ መስመር ልክክ ብሎ ሲገባልኝ ደስ አለኝ። ቡሬ ለሚሰበሰበው ኮሚቴ ፋይሉን እንዳለ በቴሌግራም ላክሁት።

ውጤቱ ሲለጠፍ ያለፈው ከእሷ ቀጥሎ የጻፍኩት መምህር ሆነ። ግራ ገባኝና ቡሬ ሄጄ ኮሚቴው ያተመውን ወረቀት አየሁ። የእሷ ምክንያት ሁለት መስመር ሆኗል። “በቤተሰብ ችግር ወደ ቡሬ ለመዛወር” የሚለው በስሟ ትይዩ ቀርቷል፤ አልጋ የያዙት እናት ግን አንድ መስመር ወርደው የሰውየው እናት ሆነዋል። ከዚያ በታች ያለውም ሁሉ በየተራው ወርዷል። ያን ሁሉ ማመልከቻ ማን ያገላብጣል፤ ኮሚቴው የፈረደው ዝርዝሩን አይቶ ነው።

የቅሬታ ጊዜው ሦስት ቀን ነበር። ገብቼ “ጥፋቱ የእኔ ነው” ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላልኩም። ባለሙያው ይስቅብኛል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የሚመጣው ዓመት ይደርሳታል እያልኩ ራሴን ደለልኩ። እሷም “እግዜር ያላለው ነው” ብላ ወደ ቀበሌዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናቷ ክረምቱን አልዘለቁም። መንገዱ ጭቃ ነበርና እሷ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው።

ለቅሶ ልደርስ ቡሬ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አቅፋኝ አለቀሰችና አጠገቧ ወደተቀመጡት አክስቷ ዞረች።

“ለዝውውሬ ከእኔ በላይ የደከመችው እሷ ናት” አለቻቸው።

አክስቷ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው “ተባረኪ ልጄ፣ ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ” አሉኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት። ለሟቿ የማለቅስ መስሏቸው ያባብሉኝ ጀመር።