አያ ታፈረ ለማን ነው የሚለማመዱት?

እኔ ውባንቺ ሰው በቀላሉ አላምንም። አያ ታፈረን ደግሞ ዘንድሮ ከሰው ሁሉ አብልጬ ጠርጥሬያቸው ነበር። ጎረቤቴ ናቸው፤ ገነተ ማርያም አጠገብ አጥራችን አንድ ነው። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ጡሩንባ ነፊ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ጡሩንባቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ፤ ሰው ሲሞት ቅሬያችን፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ ለቀብር የሚጠራንም በእሳቸው ጡሩንባ ሆነ።

ቤታቸው ዛሬም ካምፕ ነው። ጠዋት የማንቂያውን፣ ምሳ ሲደርስ የምግቡን፣ ማታ የመኝታውን ዜማ በአፋቸው ያንጎራጉራሉ። ባለቤታቸው ጥሩነሽ፣ "ወጡ ሳይበስል ያሰልፈኛል እኮ!" እያለች ታማርራለች። ወታደር የነበረ ሰው ሲቀበር ግን የሠራዊቱን የስንብት ጡሩንባ ይነፋሉ፤ ቀስ ያለ ነው፣ ሆድ ያባባል። እሱን ከሌላው ለይቼ አውቀዋለሁ።

ልጄ ምናለ ወታደር ነው። ከፋሲካ ወዲህ ድምፁ ጠፋ፤ ስልኩም አይሠራም። በዚያው ሰሞን አያ ታፈረ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ጥሩነሽ፣ "እህል ቀመስሽ ወይ?" እያለች ትመላለሳለች። መች እንዲህ ታስብልኝ ነበር? እኛ አገር መርዶ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እስከዚያ አገር ሁሉ ያውቃል፣ እናት ብቻ አታውቅም። እኔም ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ ከበሩ ኋላ ቆሜ ኮቴ አዳምጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከመንደራችን ታች ካለው ገደል ሥር ያ የወታደር ስንብት ተሰማኝ። ይጀመራል፣ ይቋረጣል፣ ደግሞ ይጀመራል። በመንደሩ የሞተ ወታደር የለም። ታዲያ ለማን ነው የሚለማመዱት? ነጠላዬን እየጎተትኩ ወረድኩ።

"አያ ታፈረ! ሞቶ እንደሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ! ምን በድዬዎት ነው ልጄን የሚደብቁኝ?"

ጡሩንባውን ከአፋቸው አወረዱ። "የምን ልጅ?"

"ምናለ ነዋ!"

"ማርያምን፣ ስለ ምናለ የሰማሁት የለም! ይህ የራሴ ነው። ሐኪሙ ሳንባህ አልቋል አለኝ። እኔ ስሞት ማን ይነፋልኛል? በስልክ ቀድቼ ላስቀምጥ ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ፊቴን አይተሽ ለጥሩነሽ እንዳትነግሪብኝ ነው የሸሸሁሽ። እሷማ አሳዝነሻት ነው የምትመላለሰው።" ስልካቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ነካ አደረጉት። "ይኸው፣ እንዲህ ይቀዳል።"

"እሰይ!" አልኩ። "እሰይ! ልጄ አይደለም! እልልል!"

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ልሞት ነው ለሚለኝ ሰው እልል አልኩ። አያ ታፈረ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው ነፉ፤ ይህኛው ሳይቋረጥ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ደጋግመው ቢሞክሩም ትንፋሹ እምቢ አላቸው። የተሟላው ያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ምናለ ሐምሌ ላይ ደወለ። ሲም ካርዴ ጠፍቶ ነው አለኝ። እኔ እንጃ፣ አላመንኩትም፤ ድምፁን መስማቴ ግን በቃኝ።

አያ ታፈረን በጥቅምት ቀበርናቸው። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ጥሩነሽ እንደ ኑዛዜያቸው ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አስጠጋችው። መጀመሪያ የወጣው የእኔ ድምፅ ነበር፤ "እሰይ! እሰይ! ልጄ አይደለም! እልልል!"

ቀብርተኛው በሙሉ ዞሮ አየኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ቀጥሎ የእሳቸው ሳቅ መጣ፣ ሳል የተቀላቀለበት። ጥሩነሽ ሳቁን ስትሰማ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተንሰቀሰቀች፤ ጡሩንባውን እዚያው ከደረቷ ላይ ሰማነው።