ኩሽኔታው ዝም ያለ ቀን

ላስ ቬጋስ ውስጥ ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ የአንድ ፒክአፕ የፊት ጎማ የሚዞርበትን ኩሽኔታ መቀየር ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ አሥራ አንድ ዓመት መካኒክ ነበርኩ። በዲቪ ከመጣሁ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የካዚኖ ምንጣፍ ስጠርግ ስለኖርኩ ካቻቢቴ መያዝ እንኳ ናፍቆኝ ነበር። ያን ቀን እጄ ችኩል፣ ልቤ ፈሪ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ታደለ ይባላል። ቁጡ ነው፣ ሥራውን ግን ያውቃል።

«ሳምንት እሞክርሃለሁ» አለኝ። «መጀመሪያ ቴስት ድራይቭ አድርግ፣ ከዚያ ፍታ። ሳትሰማ እንዳትፈታ።»

የመኪናው ባለቤት ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሆቴል ሹፍርና ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው ሴንቴኒያል ሂልስ ነው፤ በየቀኑ ከተማውን አቋርጠው ሲልቬራዶ ራንች ካለ ትምህርት ቤት የልጅ ልጃቸውን ያመጣሉ። ቁልፉን ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«ምን ያደክምሃል ልጄ፣ ቴስት ድራይቭ አያስፈልገውም» አሉኝ። «በቀኝ ነው። በእሷ በኩል።»

«በማን በኩል?»

«በዘሃራ፣ በባለቤቴ። ወደ አኼራ ከሄደች አምስት ወሯ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ሆና መንዙማ ታንጎራጉር ነበር። አሁንም ፍሪዌይ ስወጣ ታንጎራጉራለች። ልጄ ናት ‹አባዬ፣ መኪናው ኖይዝ አለው፣ አሠራው› ብላ የላከችኝ።»

በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ባዶው የቀኝ ወንበር ላይ ቀበቶው ታስሯል።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የኩሽኔታ ድምፅ ጆሮን ያታልላል፤ በግራ ያለቀው በቀኝ ይሰማል። ይህን ገና ሥራ ስጀምር ተምሬዋለሁ። ግን አንድ ሐዘንተኛ ሽማግሌ «በሚስቴ በኩል ነው» ሲሉኝ «ቆይ ላጣራ» ማለት ውሸታም ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። የጋራዡ ሁለቱም መኪና ማንሻ ሊፍቶች በሌላ መኪና ስለተያዙ በክሪክ የቀኙን ብቻ አነሳሁ። እሳቸው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እፊታቸው የግራውን እንዴት ብዬ ላንሳ?

ጎማውን አወጣሁ። ዲስኩን ነክሶ የሚይዘውን የፍሬን ካሊፐር ፈትቼ ቱቦው እንዳይወጠር በሽቦ አንጠለጠልኩት። ዲስኩን አነሳሁ፣ የመሃሉን ትልቅ ዳዶ ፈታሁ፣ የሴንሰሩን ሽቦ ነቀልኩ፤ ከጀርባ ኩሽኔታውን የያዙትን ቡሎኖች አንድ በአንድ አወጣሁ። በዚህ ደረቅ አገር ብረት ብዙ አይዝግም፤ ሁለት ጊዜ በመዶሻ ስመታው ወጣ።

እንደ ልማዴ በእጄ አሽከረከርኩት። ያለቀ ኩሽኔታ አሸዋ የገባበት ያህል ይንገራገጫል። ይኼኛው ምንም አላለም። ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት፤ ዝም። ጤነኛ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ምንም» አልኩና አዲሱን ገጠምኩ።

ልንሞክረው ስንወጣ ከኋላ ወንበር ገቡ። «ከፊት ይሁኑ እንጂ» ብላቸው «አይ፣ እዚህ ይሻለኛል» አሉ። ከፊት እኔና የታሰረው ቀበቶ ብቻ ነበርን።

ፍሪዌይ ላይ በሰዓት ስድሳ ማይል ስገባ ጀመረ። ቃል የሌለው፣ በተዘጋ አፍ የሚወጣ ዜማ ነው። መሪውን በትንሹ ወደ ቀኝ ስይዝ ከፍ ይላል፤ ወደ ግራ ስመልስ ይሰክናል። መኪና ወደ ቀኝ ሲዞር ክብደቱ በግራው ጎማ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ያለቀው የግራው ነው። ይህን እያወቅሁም ድምፁ ይመጣብኝ የነበረው ከባዶው ወንበር ነው። ፈራሁ። ወደዚያ ላለመዞር አንገቴን አደነደንኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ከኋላዬ። «አልሄደችም።»

በመስታወቱ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል።

ስንመለስ ታደለ «ጨረስክ?» አለኝ። የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ጤነኛውን ነቅዬ የታመመውን ትቻለሁ ማለት አልደፈርኩም። «ጨርሻለሁ» አልኩ። ለጋሽ ሰይድ ቀስ ብዬ «ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ፣ አንድ ነገር ቼክ አደርጋለሁ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት አልመጡም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይነሳም። የትምህርት ቤቱ መውጫ ሰዓት ሲቃረብ ሥራዬን አቋረጥኩ። ታደለ ዘንድ ሄጄ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። ይጮህብኛል ስል ቁልፉን አነሳና «ግባ፣ እንሂድ» አለ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስንነዳ ያገኘናቸው ከሲልቬራዶ ራንች መውጫ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ፍሪዌዩ ዳር ነው። የፒክአፑ የግራ የፊት ጎማ አዘንብሎ ፓራፋንጎውን ነክቷል። ጋሽ ሰይድ በቀኙ በር በኩል ቆመው በመስኮቱ ባዶውን ወንበር ያያሉ። አንድ ጭረት አልነካቸውም። ስልካቸውን ቤት ረስተውታል።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ታደለ።

«ዝም አለች» አሉ። «ስታንጎራጉር ቆይታ ድንገት ዝም አለች። ምን አስቀየምኩሽ ብዬ ልጠይቃት ዳር ይዤ ቀስ አልኩ። ልክ ልቆም ስል ጎማው ዘመመ።»

ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ኖሮ የልጅ ልጃቸው መኪናው ውስጥ ትሆን ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ትናንት በግራ መሆኑን አውቄ ነው ዝም ብዬ የሸኘሁዎት።»

«አርባ ዓመት ነድቻለሁ» አሉኝ። «እኔስ የማላውቅ ይመስልሃል? ድምጿን እንዳትነካብኝ ብዬ ነው በቀኝ ያልኩህ።»

ታደለ በኋላ ሲያስረዳኝ፣ ኩሽኔታ ጨርሶ ሲሰባበር አንዳንዴ ድምፁ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በኋላ ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል። ነገር ግን ድምፁ ጠፋ ብሎ መኪና ያቆመ ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም። ሌላው ሰው «ተሻለው» ብሎ ነው የሚነዳው።

በማግስቱ ፒክአፑን ሊፍት ላይ ሰቅዬ የግራውን ቀየርኩ። አራቱንም ጎማ ዝቅ ብዬ እየሰማሁ አሽከረከርኩ። ልንሞክረው ስንወጣ ጋሽ ሰይድ ወደ ኋላ አልሄዱም። የቀኙን በር ከፈቱ፤ ቀበቶውን ትንሽ ይዘው ቆዩና ፈቱት። ተቀመጡና ራሳቸው ታሰሩበት። ፍሪዌይ ላይ ሰባ ማይል ገባሁ። ከጎማና ከነፋስ በቀር ምንም አይሰማም።

ታደለ አላባረረኝም። እዚያው ጋራዥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ።

የፊት ኩሽኔታ ስትቀይሩ ባለቤቱ የትኛው እንደሆነ ቢነግራችሁም ሁለቱንም ጎማ አንሱ። የነቀላችሁት ጤነኛ ሆኖ ካገኛችሁት፣ መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ ተናገሩ።