ገዳዩ ዶክተሩ ነው

አጎቴ የበደለኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ሲኒማ ቤት ወስዶኝ ነው። ፊልሙ የድሮ የጣሊያን የወንጀል ፊልም ነበር። ጋሼ ከጣሊያኖች ጋር ጋራዥ ውስጥ ስለሠራ ቋንቋውን ያውቅ ነበር፤ ንግግሩን እየተረጎመልኝ ልቤ ተሰቅሎ ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ገዳዩ ዶክተሩ ነው» አለኝ። ተናድጄ ጥዬው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ባነሳሁበት ቁጥር፣ «አንቺ ችኩል፣ እስከ መጨረሻው እይዋ!» እያለ ይንከተከት ነበር። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ አላየሁትም።

የጋሼ አርባ ካለፈ በኋላ የልጅ ልጁ ፊልሙን ከኢንተርኔት ፈልጋ መካኒሳ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። ጋሼ ሲመጣ ይቀመጥበት የነበረውን የሶፋውን ጥግ ባዶ ትቼ ብቻዬን ማየት ጀመርኩ። ተፈልጎ ቢታይ የማያስቆጭ ፊልም ነው። ዶክተሩ ግን ገና እኩሌታው ላይ ራሱ ተገደለ።

ለካ ጋሼ ዋሽቶኝ ኖሯል፤ መጨረሻው እንዲያስደነግጠኝ ብሎ። ጥቁር እንደለበስኩ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። «ጋሼ፣ አንተ ተንኮለኛ» ብዬ ወደ ሶፋው ጥግ ዞርኩ። የሚንከተከት አልነበረም።

በማግስቱ እህቴ ፊልሙን ልታይ መጣች። የጋሼ ቦታ ላይ ተቀመጥኩና ልቧ ስቅል እስኪል ጠበቅኳት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ገዳዩ ዶክተሩ ነው» አልኳት።