ነፊሳ፣ ነጋዴውና ማዶው የማይታየው ገደል

ዛሬ ጠዋት ወንድሟ ከማል ደውሎ "ነፊሳ የለችም" ሲለኝ "የት ሄዳ ነው?" አልኩት። ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? እኔ ጠየቅኩ። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስንሳሳቅ ነበር እኮ። ጨጓራዬን ትንሽ አመመኝ ከማለት በቀር ምንም አላለችኝም።

ይህን የምፅፈው ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ቀብሯ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው አሉ። ከቤት ሳትወጣ እንድደርስባት ፀልዩልኝ። ፊደል ብሳሳት እለፉኝ፣ መንገዱ እያነጠረኝ ነው፣ ዓይኔም ያው ነው።

ቡታጅራ ያደጋችሁ ታውቋታላችሁ። እትዬ ነፊሳ ጌም ቤት። ግን ጌም ቤቱ እንዴት እንደተከፈተ የምታውቁ አይመስለኝም። እኔ የግድግዳ ጎረቤቷ ስለነበርኩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ሃያ ዓመት ያልፈዋል፣ ሁለታችንም ገና አላገባንም ነበር። ታላቅ ወንድሟ ከማል መርካቶ ይነግድ ነበርና ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ ቲቪ ጌም ይዞ መጣ። ለቤቱ ስጦታ መስሎን ነበር፣ ለካ ራሱ ሊጫወትበት ነው። ሌላም ሐሳብ ይዞ መጥቷል። በዓሉ ሲያልቅ ነፊሳን አዲስ አበባ ሊወስዳት ነው፣ ሚስቱን በቤት ሥራ እንድታግዝ። አባቷም እሺ ብለዋል። እሷን የጠየቃት የለም።

እሷ ግን ያንን ጌም ባየችበት ቀን የራሷን አስባ ጨርሳለች። መንገድ ዳር ባለው ክፍል ልጆች እያጫወተች በራሷ ሥራ እዚያው ቡታጅራ መኖር። ለከማል ስትነግረው ሳቀባት። "እስከ መጨረሻው ተጫውተሽ ጨርሰሽ ካሳየሽኝ ጌሙም ይቀርልሻል፣ አንቺም እዚሁ ትቀሪያለሽ" አላት። እሱ ራሱ ጨርሶት አያውቅም።

ጌሙ ምን መሰላችሁ፣ ከረጢት ያዘለ ትንሽዬ ሰው እየዘለለ ይሄዳል። ደመና ላይ ይወጣል፣ ግንብ ይሻገራል፣ የሌሊት ወፍ ያባርረዋል። ነፊሳ "ከረጢቱን አያወርድ፣ ቁጭ አይል፣ ይሄማ ጉራጌ ነው" አለችና ነጋዴው ብላ ስም አወጣችለት። እስከ ዛሬ ነጋዴው ነው።

ጉድለቱ ብዛቱ! ቁም ሲሉት አይቆምም፣ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ይንሸራተታል። ያለፈበት መንገድ ከኋላው ይዘጋል፣ የረሳሽው ነገር ቢኖር ቀረ ነው። መብራት ከጠፋ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል፣ የቡታጅራን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከሁሉ የባሰው ግንቡ ጋ ያለው ገደል ነው። ማዶው አይታይም። ቲቪው ማዶውን የሚያሳይሽ ከዘለልሽ በኋላ ነው። እንዲህ አድርጎ የሠራውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር ባልኩት።

እኔ እዚያ ስደርስ እቆማለሁ። ሰዓቱ አልቆ ነጋዴው እስኪሞት ድረስ ቆሜ አያለሁ። ነፊሳ ከጎኔ ሆና "ጥሩዬ፣ ዘለሽ ነው የሚታይሽ" ትለኛለች። ስንቴ አለችኝ።

ግን ደግሞ ትጠራለች ያቺ ነገር። ሲሞትብሽ በቃኝ ትያለሽ፣ ሙዚቃዋ እንደገና ስትጀምር እጅሽ ጆይስቲኩ ላይ ነው። አሁንስ ትንሽ ራቅ ብዬ እሄዳለሁ ትያለሽ፣ ደግሞም ትሄጃለሽ።

ወንዶቹ ዘመድ ሊጠይቁ ሲወጡ እሷ ጌሙ ላይ ትቀመጣለች። አዳፕተሩ እንደ ካውያ ይግላል። ከጓሮ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ከሥሩ ታነጥፍለታለች፣ ሲጠወልግ ትቀይርለታለች። ስንስቅባት "ቅቤ ሳይቀልጥ ገበያ የሚያደርስ ቅጠል ይሄ ያቅተዋል?" አለችን። እውነትም ሠራ።

በመጨረሻው ቀን ከማል ሻንጣውን በር ላይ አድርጎ ሊያያት ተቀመጠ፣ አባቷም መጡ። ገደሉ ጋ ስትደርስ ቅንጣት አላመነታችም። ዘለለች። ማዶ አረፈች። የግንቡን በር ከፈተች፣ ነጋዴው ገባ፣ ከዚያ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ሙዚቃውም ዝም። የጌሙ ካሴት ኮፒ ነበር መሰለኝ፣ ጭራሽ መጨረሻ የለውም።

ከማል "አልጨረስሽም" አላት።

ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። "እኔ ጨርሻለሁ ከማል። ያልጨረሰው እሱ ነው።"

አባቷ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከማል ያን ቀን ብቻውን ተሳፈረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የኳስ ጌሙ መጣ፣ ስልኩ መጣ። እሷ ነጋዴውን ከጥግ አላነሳችውም፣ ቅጠሉም ከሥሩ አልጠፋም። ሚስት አግብታችሁ ልጅ ወልዳችሁ ለመስቀልና ለአረፋ ስትመጡ መጀመሪያ የምትገቡት እሷ ጋ አልነበረም? ገደሉ ውስጥ ስትወድቁ እየሳቀች "ዘለህ ነው የሚታይህ" አላለቻችሁም?

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ጠዋት ከማል እያለቀሰ፣ ሐዘኑ ሲያልቅ የነፊሳን ልጅ ሙናን አዲስ አበባ እወስዳታለሁ አለኝ። ለሙና ደወልኩላት። እዚሁ ሆኜ የእናቴን ጌም ቤት ልሥራ ነው የምትለው። የጠየቃት የለም።

ከማልዬ፣ ይህን ታነበዋለህ። ወንድሜ ነህ፣ ለእህትህ ያለህንም ፍቅር አውቃለሁ። ግን ያኔ ቃልህን ስትሰጥ እኔ እዚያው ነበርኩ። ነፊሳ ባሸነፈችው ቤት ሙና ትቀመጣለች። አባታችን የሉም፣ የሚስቅላት የለም ካላችሁ እኔ አለሁ። ወልቂጤ ያለውን ሥራዬን ለልጄ ሰጥቼ ጌም ቤቱ በእግሩ እስኪቆም ከሙና ጋር እከርማለሁ። እንዴት እንደምንሆን አላውቅም። ማዶው አይታየኝም።

ነፊሴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ገደል ሳልሻገረው ሄድሽብኝ። አሁን ከጎኔ ሆኖ የሚገፋፋኝ የለም፣ ግን አልቆምም። ቅጠሉን እኔ እቀይራለሁ። አላህ በጀነት ያሳርፍሽ የኔ እህት። ደህና ሁኚ። ዘለልኩ።