ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አፌ ውስጥ የነበረው

ጥርሴን ያቀናሁት ለውበት ነው ብል ውሸት ነው። ለብቀላ ነው።

ዐረብ አገር ከመሄዴ በፊት አንድ የገሳይ ከተማ ጎረምሳ ልቤን ወስዶት ነበር። እሱም የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ሠርግ ቤት ጓደኞቹ በእኔ ነገር ሲያሾፉበት፣ «ያችን ገጣጣ? ካገባኋትማ ጥርሷን ከደጅ ላሳድረው ነው?» አለ። ከዳሱ ጀርባ ቆሜ ሳቃቸውን ሰማሁ። የዚህን ሰው አፍ አንድ ቀን እዘጋዋለሁ ብዬ ማልሁ።

ተመልሼ ደብረ ታቦር ልብስ መሸጥ እንደ ጀመርሁ ባሕር ዳር ወርጄ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። የሰጠኝ ብረት አይደለም፤ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ፣ የላይና የታች ጥርስን አብሮ የሚይዝ፣ ሲፈልጉ የሚያወልቁት ነገር ነው። ሌሊቱን እሱን ነክሶ፣ ከንፈርን ገጥሞ ማደር ነው። የትልቅ ሰው ጥርስ ቶሎ እሺ አይልም ቢለኝም፣ ቂሜ ከጥርሴ የባሰ ግትር ነበር። መንጋጋዬን ሲያመኝ የዚያን ሰው ፊት አስብና አጥብቄ እነክሳለሁ። ቀስ በቀስ ጥርሴ ገባ።

አንድ እሑድ ማለዳ፣ ወላጆቼ ቤት አድሬ ገና ሳላወልቀው፣ ሽማግሌዎች ደጅ ቆሙ። የላካቸው ያው ጎረምሳ ነበር፤ ጥርሴ መግባቱን ሰምቶ ኖሯል። አባቴ ጠሩኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ገባሁ።

«በይ እስቲ ልጄ፣ ፈቃድሽን ከአንደበትሽ እንስማው» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

አፌ ሙሉ ነው። ልናገር ብል አያናግርም፤ ላውጣው ብል አባቴ ፊት ምራቄን ለማዝረክረክ አፈርሁ። አንገቴን ደፋሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ አንገቷን የደፋች ልጅ እሺ እንዳለች ነው የሚቆጠረው።

«አፍራ ነው እንጂ ፈቅዳለች፤ እሰይ!» ብለው ሊመርቁ ብድግ አሉ። አባቴም ተነሡ። ከተመረቀ አለቀልኝ።

ነጠላዬን ገለጥሁና ጎማውን ከነምራቁ መዝዤ አወጣሁት። ሽማግሌው «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። አባቴ ጥርሴ የረገፈ መስሏቸው ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«አልፈቀድሁም» አልሁ።

«ምነው ልጄ? ምን አጠፋ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ስድቡን ልነግራቸው አስቤ ነበር። ተውሁት፤ ከዚያ የበለጠ የሚያቆስለው ነገር ነበረኝ።

«እወደው ነበር በሉልኝ፣ አባቶቼ። ያን ጊዜ፣ በድሮው ጥርሴ፣ አንድ ሽማግሌ እንኳ ቢልክ እሺ እል ነበር። ሌላ ምክንያት አትጨምሩ፤ ይህንኑ ብቻ ንገሩት።»